ከዜሮ በታች ያለው ድምፅ

በየቤቱ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቁጥር አለ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቁጥር። የእኛ ቤት 18 ነበር። በ18 አባቴ ዜና ይከታተላሉ፣ ልጆቹ መኝታ ቤት ሆነው ያጠናሉ፣ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችንም አይረበሹም። እንግዳ ሲኖር እስከ 22 ይፈቀዳል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን ወደ 12 ይወርዳል። ሪሞቱን የያዘው ሰው ከዚህ ካለፈ "ኧረ ቀንሱት!" የሚል ድምፅ ከጓዳም ከመኝታ ቤትም ይመጣበታል። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። አብረን ስንኖር የተስማማንበት ነው።

ያ ስምምነት ባለፈው ዓመት ፈረሰ። የቴሌቪዥኑ ስፒከር መንተባተብ ጀመረና ባለቤቴ ኑሮውን ሸጦ ወደ ውጭ ከሚሄድ የሥራ ባልደረባው ያገለገለ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ወፈር ገዝቶ መጣ። ዕቃው ያገለገለ ይባል እንጂ ለእኛ ቤት ብርቅ ነበር። ሽቦው ተቀጣጥሎ ሲበራ ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን። የአምፕሊፋየሩ መስኮት ላይ የወጣው ቁጥር ግን 18 አልነበረም፤ 22ም አልነበረም። ከዜሮ በታች 40 ይላል።

"ከዜሮ በታች ድምፅ አለ እንዴ?" አሉ አባቴ። "እኛ ዜሮ ዝምታ ነው ብለን ነው የምናውቀው።"

የሰባተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች በትምህርት ቤት ደርሶባቸው ስለነበር ማስረዳቱን ወሰደው። "አባባ፣ ዓይንዎን የታዩበት ሕንፃ ሊፍት ትዝ ይልዎታል? መኪና ማቆሚያው ከዜሮ በታች 1፣ ከዜሮ በታች 2 ይል ነበር። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወደ ታች ነው የምንወርደው።"

"እንግዲያው እኔን ስንተኛው ምድር ቤት ነው ያስቀመጣችሁኝ?" ብለው አሳቁን።

ሳቁ ግን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነበር። የቀጣዮቹ ሳምንታት ጭቅጭቅ የበዛባቸው ሆኑ። አባቴ "ትንሽ ጨምሩልኝ፣ 45 አድርጉት" ሲሉ ድምፁ ይወርዳል። ትንሿ ልጄ "30 ይበቃል" ብላ ስትጫን ቤቱ ይናወጣል። በዚያ ላይ የአሮጌው ሪሞት አንድ ንክኪ በደንብ የሚሰማ ለውጥ ያመጣ ነበር፤ አዲሱ ግን በአንድ ንክኪ የሚጨምረው ግማሽ ዴሲቤል ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ከአንድ ዴሲቤል ያነሰ ልዩነትን ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ አባቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫኑና "ባትሪው አልቋል" ይላሉ፤ ቀጥለው ሃያ ጊዜ ይጫናሉ፤ ከዚያ የማስታወቂያ ሰዓት ይደርስና ሁላችንም ከመቀመጫችን እንነሳለን።

ዕቃውን የገጠመልን ባለሙያ ተመልሶ ሲመጣ ነገሩን በቀላሉ አስረዳን። የድምፅ ቁጥር እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር በሁሉም ቦታ አንድ የሆነ መለኪያ አይደለም። አንዱ ቴሌቪዥን እስከ 50 ይቆጥራል፣ ሌላው እስከ 100። የእኛ አምፕሊፋየር ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚቆጥረው። ዜሮ ያለው ዝምታን ሳይሆን ለፊልም ማሳያ ቤት የሚሆን ከፍተኛ ድምፅን ነው፤ ከዜሮ በታች 40 ማለት ከዚያ ከፍታ 40 ዴሲቤል ወርደናል ማለት ነው። የድሮው 18 እዚህ ላይ የሚውልበት የታወቀ ቦታ የለውም። አንዳንዱ ስፒከር በጥቂት ኃይል ብዙ ይጮሃል፣ ሌላው ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ሳሎን ድምፅ ይውጣል፤ ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ደግሞ ይመልሰዋል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ድምፁ ሁለት ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለገዢዎች የሚጠቅም አንድ ነገርም ነገረን። በሱቅ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙ ሰው ያታልላል። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን ሁለት እጥፍ የጮኸ እንዲመስለን ግን ወደ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ይህም አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ የ200 ዋቱ ስፒከር የ100 ዋቱን ሁለት እጥፍ ይጮሃል ብሎ ገንዘብ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው ልዩነት ካሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ሌላው ችግራችን የሪሞቱ ብዛት ነበር። የዲሹ ሪሲቨር የራሱ ድምፅ አለው፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ፣ አምፕሊፋየሩ የራሱ፣ በብሉቱዝ የሚገናኘው ስልክም የራሱ። አንዱ ዝቅ ብሎ ሌላው ከፍ ሲል ቁጥሩ በየቀኑ ይለዋወጣል። ባለሙያው የቴሌቪዥኑን ስፒከር ዘጋው፤ የሪሲቨሩን ድምፅ ከጣሪያው ጥቂት ዝቅ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ተወውና "ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው፤ የምትጨምሩትም የምትቀንሱትም በአምፕሊፋየሩ ብቻ ነው" አለን። በአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶም ድምፁ ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳያልፍ አገደው፤ ሲበራም ሁልጊዜ ዝቅ ካለ ድምፅ እንዲጀምር አደረገው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ቢያደርግ ከብዙ ድንጋጤ ይድናል።

ቤቱ ሰከን አለ ስንል ከታች ያሉት ጎረቤታችን ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ስለ ኑሮ ውድነት እያወጋን ጠጣነው። ቶናው ላይ "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ማታ ማታ በርበሬ ትወቅጫለሽ እንዴ?" አሉኝ። ወፈሩ ነበር። ቀጭን ድምፅ በግድግዳና በወለል ሲያልፍ ይደክማል፤ ወፍራሙ ግን ኮንክሪቱን አልፎ ይሄዳል። እኛ ከዜና አንባቢው በቀር ምንም የማንሰማበት ሰዓት ላይ እሳቸው ራስጌ ሙቀጫ ይወቀጣል። ወፈሩ ደግሞ የተቀመጠው ጥግ ነበር፤ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ወፍራም ድምፅን ያጎላዋል። ባለቤቴ ከጥጉ አወጣው፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አደረገለት፣ ድምፁንም ቀነሰው። በሳምንቱ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "በርበሬው አለቀ መሰለኝ" ብለው ፈገግ አሉ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ወፈር ለማውራት አይደለም። የቁጥሩ መቀየር ቤታችን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ ሌላ ነገር ስለገለጠ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ስልኩን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቶ የአያቱን የድሮ ወዳጅ ከፈተላቸው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር"። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ አባቴ ግን ከንባቡ ይልቅ የሚያስታውሱት ትረካውን ነው። የድሮ ቅጂ ስለሆነ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበርና ልጄ ጨመረው። ስፒከሩም በአጋጣሚ ከአባቴ ወንበር አጠገብ ተነስቶ ተቀምጦ ነበር። አባቴ ለአንድ ሰዓት ያህል ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ሲያልቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በትረካው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ልጄ ዞረው፣

"ዛሬ ገና ሰው ሲያወራ ሰማሁ" አሉት።

"እንዴት አባባ? በየቀኑ ዜና ይሰሙ የለም እንዴ?"

"ሥዕሉን ነው የማየው ልጄ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰውየው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የምሰማው ንፋስ ነው። እናንተ ስትስቁ እስቃለሁ።"

ክው አልኩ። "አባዬ፣ 'ተሰማዎት?' ስንልዎት 'አዎ' ይሉን አልነበር?" አልኳቸው።

"ምን ልበል ታዲያ? ልጁ ፈተና አለበት፣ አንቺ ከሥራ ደክሞሽ ነው የምትገቢው፣ ከታች ያሉት ሴትዮ ባልቴት ናቸው። ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ ቤት ይረበሽ? 18 ነው ከተባለ 18 ነው።"

አባቴ እንዲህ ናቸው። ሰው ቤት በልተው "ጨው አነሰው" ብለው አያውቁም። ይሉኝታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ መሄዱን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሁላችንን ያስማማን የሚመስለን 18 ከአምስታችን አንዱን ከጨዋታው አስወጥቶ ነበር። ከእራት በኋላ ቀድመው መተኛት ማብዛታቸው፣ የልጅ ልጃቸው ስትጠይቃቸው የማይገናኝ መልስ መስጠታቸው፣ ስልክ ሲደወልላቸው "ለአንቺ ነው" ብለው ማቀበላቸው፣ ሁሉም ትርጉም አገኘ። እርጅና ነው ያልነው ብዙው ነገር መስማት አለመቻል ነበር።

በዚያው ሳምንት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠነከረ ኩክ አገኙና አወጡላቸው። ይህ ብቻውን ትንሽ ለውጥ አመጣ። ከዚያ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ተቀምጠው ማዳመጫ አድርገው ተመረመሩ። ውጤቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ነበር። ወፍራሙን ድምፅ ደህና ይሰማሉ፤ ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ግን ይወርዳል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ ባብዛኛው እንዲህ ነው አሉን፤ ከቀጭኑ ድምፅ ይጀምራል። ንግግርን ከንግግር የሚለዩት እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ እና ከ ያሉት ድምፆች ቀጭንና ደካማ ናቸው። እነዚህ ሲጠፉ "ሰበረ" እና "ከበረ" አንድ ይሆናሉ። ሰውየው ድምፅ መኖሩን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። ስለዚህም ነው ብዙ ሽማግሌዎች "አትጩኹብኝ፣ እሰማለሁ፤ ግን ምን እንዳላችሁ አልገባኝም" የሚሉት። የሴትና የሕፃናት ድምፅ የበለጠ የሚቸግራቸውም ቀጭን ስለሆነ ነው።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" የሚባለው ሰው በራሱ ላይ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። ሐኪሙ ሲያስረዱን ግን ተረቱ ሌላም የሚናገር መሰለኝ። የመስማት መቀነስ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱም ቢሆን መጠኑን ቶሎ አያውቀውም። አባቴ ደግሞ የሚያውቁትንም ደብቀውታል።

የምርመራው ወረቀትም እንደ አምፕሊፋየሩ በዴሲቤል የተጻፈ ነበር፤ እዚያም ዜሮ አለ። እዚያ ያለው ዜሮ ግን ጤነኛ የወጣት ጆሮ በጭንቅ የሚሰማው ትንሹ ድምፅ ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን ያ ሰው ለመስማት የሚያስፈልገው ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና "እንግዲህ የቤቱ ዜሮ ጣሪያ ነው፣ የሐኪሙ ዜሮ ወለል ነው፤ እኔ መሀል ላይ ነኝ" አሉ። ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ ያልረሳሁት ይህን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ የድምፁን ነገር እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ ግን የጀመርነው ከቁጥሩ ሳይሆን ከአባቴ ወንበር ነው። ወንበሩ ፀሐይ ለመሞቅ መስኮቱ ሥር፣ ከስፒከሩ አራት ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ወደ ሁለት ሜትር አስጠጋነው። ሜዳ ላይ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ያድጋል፤ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ጭማሪው ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ለአባቴ በቂ ነበር፤ ለሌላው ቤተሰብ ድምፁን ሳንጨምር እሳቸው አገኙት። ወፍራሙን ቀንሰን ቀጭኑን ጥቂት ከፍ አደረግን። ልጄ በማስተካከያው ውስጥ ንግግርን የሚያጎላና በሌሊት የጮኸውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አገኘ። ለእሳቸው ብቻ ማዳመጫ እንግዛ የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። "እኔ ብቻዬን ልሰማ ነው? ስትስቁ አብሬ ልሰማ እንጂ" ብለው አልተቀበሉትም።

ከዚያ ልጄ መኝታ ቤት፣ ትንሿ ጓዳ፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆመን ባለቤቴ ድምፁን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ጨመረው። አባቴ ዜና አንባቢው ያለውን ቃል በቃል ደግመው መናገር የቻሉበት ቦታ ላይ አቆምን። እኛም በያለንበት ምን ያህል እንደሚሰማን ተነጋገርን። የተገኘውን ትንሿ ልጄ በከለር እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፈችውና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጠፈችው፤ የዜና ሰዓት ከዜሮ በታች 34፣ የጥናት ሰዓት 42፣ የሌሊት 46፣ የእንግዳ 30። በሌላ ቤት እነዚህ ቁጥሮች ምንም ማለት አይደሉም። የእኛም ቢሆኑ ሶፋው ቦታ የቀየረ ዕለት ይለወጣሉ። ወረቀቱ ላይ ግን የሁላችንም ድምፅ አለበት፤ ከዜና ሰዓት ፊት ለፊት "የአባባ" ተብሎ ተጽፏል።

ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብን። ባለቤቴ አሁንም አንዳንዴ "18 አድርጊው" ይላል። የሰው ጆሮ ግን ቶሎ ይለምዳል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ የጮኸውንም ይለምዳል። ልጄ በማዳመጫ ሙዚቃ ሲሰማ ስልኩ "60 ከመቶ" ቢል ስንት ዴሲቤል እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ ለዚያው ያህል ጊዜ 75 ዴሲቤል ይመክራል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ያህል ነው። በድምፅ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ እንደ ቁስል አይድንም። ለልጄ ይህን ያስረዱት አያቱ ናቸው፤ "እኔ በእርጅና ያጣሁትን አንተ በወጣትነትህ አትሽጠው" ብለው። ከእኔ ሃያ ምክር የእሳቸው አንድ ቃል ሠራ።

ሐኪሙ ለአባቴ የመስሚያ መሣሪያ አዘውላቸዋል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ እኔና እህቴ እያጠራቀምን ነው። እሳቸው "ለዚች ለቀረችኝ ዕድሜ?" ብለው ይከራከራሉ። እስከዚያው ቤታችን ጥቂት ነገር ለምዷል። ስናነጋግራቸው ከኋላ ሳይሆን ከፊታቸው ሆነን ነው፤ ከንፈራችንን እንዲያዩ ወደ ብርሃን እንዞራለን፤ ወግ ስንጀምር ቴሌቪዥኑን እንቀንሳለን። አንጮህም፤ ቀስ ብለን እንናገራለን።

አባት፣ እናት ወይም አያት አብረዋችሁ የሚኖሩ አንባቢያን ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ዜና እየታየ "ተሰማዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ያለው ሰው መልሱ "አዎ" ነው። "ሰውየው ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደግመው ከነገሯችሁ እሰየው። ፈገግ ብለው ዝም ካሉ ግን ሪሞቱን ከማንሳታችሁ በፊት ወንበራቸውን አስጠጉት፤ በሳምንቱም ወደ ጆሮ ሐኪም ይዛችኋቸው ሂዱ።